ፍልስፍና ለመማር የማን ልጅ መሆን ያስፈልጋል?

የእህቴ ልጅ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። አንደኛ አድርጋ መሙላት የምትፈልገው ፍልስፍናን ነው። ነገሩ የጀመረው ከሎጂክ ኮርስ ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ፣ ኢንጂነሪንግም ይማር ታሪክ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል። አብዛኛው ተማሪ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሞጁሉን ዞር ብሎ አያየውም። እሷ ግን ለእረፍት ደሴ ስትመጣ ይዛው መጣች። ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ ማስታወሻ ተሞልቷል። ቤት ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲናገር «ይሄ መደምደሚያ ከየት መጣ?» ትላለች። ዓይኗ ላይ የሚታየው ደስታ የእውነት ነው።

አባቷ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። ልጁን የሚወድ፣ ትምህርት የሚያከብር ሰው ነው። እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ። ይሄን ተምራ ምን ትበላለች?»

ይህን ጥያቄ የሚንቁ ሰዎች አሉ። ትምህርት ለእውቀት እንጂ ለእንጀራ አይደለም ይላሉ። እኔ ልብ ብዬ እንዳየሁት፣ እንዲህ የሚሉት አብዛኞቹ የእንጀራው ነገር አስቀድሞ የተሟላላቸው ናቸው። ማታ ሱቁን ዘግቶ የቀኑን ሽያጭ ቆጥሮ፣ ከዚያችው ላይ የልጁን ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ የሚያወጣ አባት ግን መጠየቅ መብቱ ነው። የሚገባውም መልስ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» አይደለም። በቁጥር የተደገፈ መልስ ነው የሚገባው።

ከልጅቷ ጋር ወደ ፒያሳ ወጥተን የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርን። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተፈላጊ ችሎታ፦ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ፣ በአካውንቲንግ፣ በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ። ቀጥሎ «ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ»። በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበች። ከላይ እስከ ታች ፍልስፍና የሚል ቃል የለም። ጣቷን «ተመሳሳይ» የሚለው ላይ አቆመችና «ይሄን የሚወስነው ማነው?» አለችኝ።

የሚወስነው ዶክመንት የሚቀበለው የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው። ፍልስፍና ከሶሲዮሎጂ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ካመነ ትመዘገባለች። ካላመነ ወረቀቷን ይዛ ትመለሳለች። አራት ዓመት የተማረ ሰው ዕድሉ እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ ሰው አስተያየት ሊቆረጥ ይችላል። ይህ የፍልስፍናው ጉድለት አይደለም። ማስታወቂያውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ፍልስፍና የተማረ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ማንም ነግሮት አያውቅም።

ግን ደግሞ ስሙ ሰሌዳው ላይ ያለ ሁሉ ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ ወሰነ። ያኔ ወላጅ ሁሉ ኢንጂነር፣ ኢንጂነር አለ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም ተመረቀ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አገኛቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ልብስ ሰፍቶ ለመላክ የተሠራ ፓርክ ገበያው ሲዘጋበት ኢንጂነሩ የት ይቀጠር? ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትገቡ ዲግሪውን ቤት አስቀምጦ ባጃጅ የሚነዳ ኢንጂነር ማግኘት አይቸግራችሁም። ስለዚህ «ፍልስፍና ሥራ የለውም» ሲሉኝ «ከየትኛው ጋር አወዳድራችሁ?» እላለሁ። ማወዳደር ከተፈለገ በደንብ እናወዳድር።

በደንብ ማወዳደር ምን እንደሚመስል ለማየት አሜሪካኖቹ የሚሠሩትን ሳነብ ከረምኩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የትምህርት መሥሪያ ቤታቸው «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባል መረጃ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። አሁን በዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ክፍል ጭምር ማየት ይቻላል። እዚህ ኮሌጅ ፍልስፍና የተማረ ስንት ዕዳ ይዞ ወጣ፣ ከተመረቀ በኋላስ ስንት ያገኛል የሚለውን አንድ አባት በስልኩ ያየዋል። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ራሱ አስቀናኝ።

ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ፍልስፍና ጋ ስደርስ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍልስፍና ክፍሎች ትንንሽ ናቸው። የተመራቂው ቁጥር ሲያንስ የግለሰብ ገቢ እንዳይታወቅ ተብሎ ይደበቃል። በዚያ ላይ የሚቆጠሩት ከፌዴራል መንግሥቱ ብድር ወይም ድጎማ የወሰዱ ተማሪዎች ብቻ ናቸው። አባቱ በካሽ የከፈለለት ልጅ እዚያ ውስጥ የለም። ትምህርት ላይ ያለ ተመራቂ ደግሞ ገቢው አይቆጠርም። ፍልስፍና የተማሩት ብዙዎቹ ሕግ ትምህርት ቤት ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ይቀጥላሉ። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር ስለ ፍልስፍና የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው።

ሌላም ቁጥር አለ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ እንደ ፈረንጆች በ2025 ባወጣው መረጃ ከአዲስ ተመራቂዎች መካከል የፍልስፍናዎቹ ሥራ አጥነት 3.2 በመቶ፣ የኮምፒውተር ሳይንሶቹ 6.1 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ዓለምን ዞሯል። የእህቴም ልጅ ልካልኛለች። ደስ ይላል፤ ግን ለብቻው አይነበብም። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ያሉ ተመራቂዎች የሚቆጠሩበት ሌላ ዓምድ አለ። በእሱ ሲታይ የፍልስፍና ተመራቂዎች ከኮምፒውተር ሳይንሶቹ በጣም ይበዛሉ። ሥራ አላቸው፣ ሥራው ግን የተማሩት አይደለም። ለአንድ አባት ሁለቱንም ዓምድ ነው ማሳየት ያለብን።

ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ ደግሞ የታዋቂ ሰው ስም መጥራት ነው። ጆርጅ ሶሮስ ለንደን ፍልስፍና ተምሮ ቢሊየነር ሆነ። ፒተር ቲል ስታንፎርድ ፍልስፍና ተመርቆ ቢሊየነር ሆነ። ከእኛም ፕሮፌሰር አንድርያስ እሸቴ ፍልስፍና ተምረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን መርተዋል ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ከአንድ ሰው ተነስቶ ለሁሉ መደምደም ሎጂክ ሞጁሉ ላይ ስህተት ተብሎ የተጻፈ ነገር ነው። ፍልስፍናን ለማስከበር ተብሎ የፍልስፍናን ሕግ መጣስ አይገባም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደመወዝና ዕዳ ብቻ ማየት አይበቃም። ማን ገባ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ራጅ ቼቲ የሚባል ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጆች በ2017 ያወጣው ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። የአሜሪካን ቤተሰብ በገቢ ለአምስት ከፈሉት። ከታችኛው አምስተኛ ከመጡት ተማሪዎች ስንቶቹ አድገው ላይኛው አምስተኛ ውስጥ ገቡ ብለው ጠየቁ። ለዚህም ሁለት ቁጥር ያባዛሉ። አንደኛው ኮሌጁ ከድሃ ቤት ስንት ልጅ ተቀበለ፣ ሁለተኛው ከተቀበላቸው ስንቶቹ ከፍ አሉ።

ውጤቱ ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ሃርቫርድና ያሌን የመሳሰሉት ዝነኛ ኮሌጆች ከገቡላቸው ድሃ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ላይ ያወጣሉ። ግን ከመቶ ተማሪ ከታችኛው አምስተኛ የመጡት አራት እንኳ አይሞሉም። በሌላ በኩል በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰው ስሙን አያውቀውም። የተማሪው ሲሶ ከድሃ ቤት የመጣ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ላይኛው ክፍል ይደርሳሉ። ሁለቱ ሲባዛ ከመቶ ተማሪ አሥር ያህሉ ከታች ተነስቶ ላይ የወጣ ነው። ዝነኞቹ ጋ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ከላይ ያለውን ልጅ ላይ ማቆየትና ከታች ያለውን ማንሳት የተለያየ ሥራ ነው። ደመወዝ ብቻ ቢታይ ግን ዝነኞቹ ያሸንፋሉ።

የቼቲ ቁጥር የሚለካው ዩኒቨርሲቲውን እንጂ ዲፓርትመንቱን አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ድሃ ተማሪ ተቀበለ ማለት ፍልስፍና ክፍሉ ተቀበለ ማለት አይሆንም። ብዙ ጊዜ ሀብታሙ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ ይላል። ድሃው ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ ይላል። አንድ ልጅ የሚወደውን ሳይሆን ቶሎ የሚከፍለውን ሲመርጥ ማንም አልከለከለውም ይባላል። ዕዳው ግን ከልክሎታል።

እኛ ጋ ዕዳ የለም የሚል ሰው ካለ ኮስት ሼሪንግ ፎርም የሞላን ልጅ ይጠይቅ። የወጪ መጋራት ደንቡ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያዛል። ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከደመወዙ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ወለድ የለውም። በዚህ ከአሜሪካው ብድር በጣም ይሻላል። እዚያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ተሸክሟል። የእንግሊዞቹ ደግሞ ለእኛው የሚቀርብ ነው። እንደ ፈረንጆች ከ2023 ወዲህ የገቡ ተማሪዎች ዓመታዊ ገቢያቸው 25,000 ፓውንድ እስኪያልፍ አይነኩም። ሲያልፍም የሚቆረጠው ከዚያ በላይ ካለው 9 በመቶ ነው።

አንድ ማታ ከአባቷ ጋር ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን አሰላነው። የተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት በዓመት አሥር ወር ብንይዝ ምግቡ ብቻ 30,000 ብር ነው። በአራት ዓመት 120,000። ከ2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አሥር በመቶው 1,150። 120,000ን ለ1,150 ስናካፍለው 104 ወር መጣ። ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ አልተጨመረበትም። ደመወዝ ሲያድግ ጊዜው ያጥራል። ቢሆንም አባትየው ካልኩሌተሩን አስቀምጦ «ይሄ ለሁሉም ተማሪ ነው ወይስ ለፍልስፍና ብቻ?» አለ።

ለሁሉም ነው። የአንድ ዓመቱ የምግብና የመኝታ ሂሳብ ዶክተር ብትሆንም ፈላስፋ ብትሆንም ያው ነው። ለፍልስፍና ተማሪ የሚከብደው በሌላ በኩል ነው። ዕዳው እስኪዘጋ ተመራቂ የሚሰጠው ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ኦርጅናሉና የሚላክለት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይያዛል። አካውንታንት ቴምፖራሪውን ይዞ ባንክ ይቀጠራል፣ ሠርቶም ይከፍላል። ፍልስፍና የተማረ ሰው ግን ዋና መንገዱ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስኮላርሺፕ ሊያመለክት ሲነሳ የሚጠየቀው ያንኑ የተያዘውን ወረቀት ነው። ሥራ ስላላገኘ አልከፈለም፤ ስላልከፈለ ወረቀቱ አይወጣም። ቤተሰቡ ያለው ልጅ በአንድ ቀን ከፍሎ ያወጣዋል። የባለሱቁ ልጅ ትጠብቃለች። እኩል የሚመስለው ዕዳ እዚህ ላይ እኩል መሆኑ ይቀራል።

በዚህ አገር ግን ድሃ የሆነ ልጅ ማሰብን ሥራዬ ብሎ የተማረበት ዘመን ነበር። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ወጣ እንዳላችሁ ቦሩ ሜዳ ናት። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት ያከራከሩት እዚያ ነው። የጉባኤው መጨረሻ ለወሎ ሙስሊም ግዳጅና መከራ ይዞ መጥቷል፤ ያ መረሳት የለበትም። የክርክሩ ጥበብ ግን ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። በአኮፋዳ ለምነው ከተማሩ ልጆች ነው የመጣው። ወዲህ ደግሞ በወሎ የታወቁት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ ዳናና ጌታ፣ ሼሆቹ ጋ ደረሳው (ተማሪው) ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው)፣ ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ)፣ ከፍ ሲልም መንጢቅ ይቀራል። መንጢቅ ሎጂክ ነው። የእህቴ ልጅ ሞጁል ላይ ያለው ማስረጃና መደምደሚያ ወሎ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ብዙ ዘመን ተቀርቷል።

ያን ሁሉ ተማሪ ያበላው የአካባቢው ሰው ነው። ገበሬው ከማጀቱ ቆርሶ የሰው ልጅ ያስተምር ነበር። ተማሪውም ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። ኑሮው ከባድ ነበር፤ ረሃብም ቁንጫም ነበረበት፤ ሴት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሩ አልተከፈተላትም። ላሳምረው አልፈልግም። ነገር ግን የማንም ያልሆነ ልጅ ተምሮ በሸማ የሚከበር መምህር፣ ሰው ሁሉ የሚነሳለት ሼህ ይሆን ነበር። ሲጨርስ ዕዳ አልነበረበትም። አካባቢው ወጪውን የሸፈነው የሚያስብ ሰው ያስፈልገናል ብሎ ስላመነ ነው። ዛሬ ወጪውን ተማሪው ላይ ስንጽፍ ምን ብለን እንዳመንን መጠየቅ ደስ ይለኛል።

አሁን የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። የአሜሪካውን ዓይነት መረጃ ለማውጣት እኛ ከባዶ አንነሳም። ኮስት ሼሪንግ የሚቆረጠው በአሠሪው ነው። ደመወዝ መክፈያው ላይ ከሥራ ግብርና ከጡረታ ጋር ራሱን የቻለ ዓምድ አለው፤ ገንዘቡም ወደ ገቢዎች ይገባል። እንግዲህ የትኛው ተመራቂ ሥራ እንደያዘ፣ ስንት እንደሚያገኝ፣ ስንት እንደቀረበት በመንግሥት እጅ አለ። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጋ ደግሞ ምን እንደተማረ አለ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተናው ውጤትም በየትምህርት ክፍሉ ተመዝግቧል። ሦስቱን መዝገብ ስም ሳይጠሩ ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው። የደሴ አባት ልጁ ፎርም ከመሙላቷ በፊት፣ ከዚህ ክፍል ከተመረቁት በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቶቹ ደመወዝተኛ ሆኑ የሚለውን ማየት ይችላል። ከዚያ ፍልስፍና ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ይገኝ። ቢያንስ ልጅቷ አውቃ ትመርጣለች፤ ክፍሉም ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። ቁጥሩን መፍራት ለፍልስፍና አይመጥናትም።

ያ እስኪሆን የእህቴ ልጅ ራሷ ልትጠይቅ ነው። ለክፍል ኃላፊው የምታቀርበውን ከአባቷ ጋር ሆነን ወረቀት ላይ ጻፍን። ያለፉት ሦስት ባቾች የት የት ናቸው? ስንቶቹ ሎጂክ እያስተማሩ ነው፣ ስንቶቹ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመሩ? ከእነሱ ውስጥ ከገጠርና ከአነስተኛ ከተማ የመጡት ስንት ናቸው? ከኢኮኖሚክስ ወይም ከሕግ ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ይቻላል? የመጨረሻዋን አባትየው ነው ያስጨመራት፦ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ፍልስፍናን በስሙ እንዲጽፉ ክፍሉ ደብዳቤ ጽፎላቸው ያውቃል?